ሹራብ በዩቲዩብ

ጥር 2015 ዓ.ም. ላይ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሹራብ መሥራት ልማር ብዬ ተነሣሁ። አስተማሪዬ ማን እንደሆነች ብትጠይቁኝ ስሟን እንኳ አላውቀውም። ፊቷንም አላየሁትም። የማውቀው ሁለት እጆቿንና ቀይ ጥፍሮቿን ብቻ ነው። የምትኖረው የእህቴ ልጅ ስልክ ውስጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ጉለሌ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ ከእንጦጦ ግርጌ። በጥር ሌሊት ከእንጦጦ የሚወርደውን ብርድ ያልቀመሰ ሰው አዲስ አበባ ሞቃት ከተማ ናት ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ አልፈርድበትም። እናቴ ሰማንያ ዓመት አልፏታል። ግላኮማ ዐይኗን ቀስ በቀስ፣ ከዳር ከዳር እየበላ ወስዶባታል፤ ይህ በሽታ ደግሞ የወሰደውን አይመልስም። ጋቢ ስናለብሳት ከትከሻዋ ይንሸራተታል። ከሱቅ የገዛሁላትን ሹራብ ዳበስ ዳበስ አደረገችና "ይሄ እቴ ላስቲክ ነው" ብላ አወለቀችው።

እሷ እንኳ ሹራብ ታውቃለች። አምስት ልጆቿን በእጇ ሥራ ነው ያለበሰችው። የመጀመሪያ መርፌዎቿ ከተሰበረ ጃንጥላ የወጡ ሽቦዎች ነበሩ፤ ጫፋቸውን ድንጋይ ላይ አሽታ ያሾለቻቸው። ሥራውን የለመደችው በልጅነቷ፣ አራዳ አካባቢ ጎረቤታቸው ከነበሩ አንዲት አርመን ሴትዮ ነው። የሴትዮዋ አማርኛ ከ"ነይ" እና ከ"ተቀመጪ" ብዙም አያልፍም ነበር ትላለች።

አንድ ቅዳሜ ቁም ሣጥኗን ሳስተካክል ከታች የታሰረ ፌስታል አገኘሁ። ብፈታው ቡናማ ሹራብ። ጀርባው አልቋል፤ ሁለቱ እጅጌዎች አልቀዋል፤ የቀኙ ፊት አልቋል። የግራው ፊት ግን ከወገብ ትንሽ ከፍ ብሎ መርፌው እንደተሰካበት ቆሟል። ሁለት ድቡልቡል ክርም አብሮ አለ። ዐይኗ እምቢ ያላት እዚያ ላይ ነው ማለት ነው።

"ምንድን ነው የምታንኮሻኩሺው?" አለችኝ ከአልጋዋ።

"ምንም፣ ፌስታል ነው" አልኳት።

ጨርሼ ላለብሳት ወሰንኩ። ታዲያ ለምን እሷኑ አልጠየቅሽም ትሉኝ ይሆናል። አንደኛ፣ ዐይኗ ከጠፋ ወዲህ ስለ ሹራብ ሲወራ አትወድም። ሁለተኛው የራሴው ኀፍረት ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ መርፌና ክር ሰጥታኝ ነበር። እኔ ደግሞ "እኔ ተማሪ ነኝ፤ ዳንቴል ባል መጠበቂያ ነው" ብያት መጽሐፌን ይዤ ወደ ጓሮ ሄድኩ። እናቴ ምንም አላለችም። መርፌዎቹን ሰብስባ አስቀመጠች፣ አበቃ።

ያን ቃል ከየት አመጣሁት? ሩቅ መሄድ አያሻም። በዚህ በኩል ሽሮ ሜዳ፣ የሸማኔ ሰፈር፤ በዚያ በኩል ቀጨኔ፣ የሸክላ ሠሪ ሰፈር። የነሱን ጥበብ ለብሰን፣ በነሱ ጀበና ቡና ጠጥተን፣ ከጀርባቸው ግን ስም እያወጣንላቸው ያደግን ሰዎች ነን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ቀጥቃጩንም፣ ሸማኔውንም፣ ጸሐፊውንም ሳይቀር። ጸሐፊው ከዚያ ወዲህ ቀናው፤ ጠንቋይ መባሉ ቀርቶ ደራሲ ተባለ። የሸማኔው ገና ነው። እኔም የቀናውን ወገን መርጬ ሥነ ጽሑፍ ተማርኩ፣ ሥነ ጽሑፍ አስተማርኩ፣ መርፌ ሳልይዝ ሃምሳን አለፍኩ።

ወደ ስልኩ እንመለስ። የእህቴ ልጅ "ሹራብ ለጀማሪ" ብላ በእንግሊዝኛ ጽፋ ስትፈልግልኝ የመጣው ብዛት! ቀይ ጥፍሯ ክሩን በቀኝ እጇ እየወረወረች ነው የምትሠራው። ሌላዋ ክሩን በግራ እጇ ይዛ በመርፌዋ ጫፍ ትለቅመዋለች። አንዲት ፖርቱጋልኛ ተናጋሪ ደግሞ ክሩን አንገቷ ላይ አዙራ በአውራ ጣቷ ነው የምትገፋው። ሦስቱም ጋ የሚወጣው ጨርቅ አንድ ነው። የፖርቱጋልኛዋን አንድ ቃል ሳልሰማ ግማሽ ሰዓት አየኋት። ዕድሜዬን በሙሉ በቃላት ስተዳደር ለኖርኩት ለእኔ ይህ ትንሽ ግር ያሰኛል።

መቼም የመምህርነት አመል አይለቅምና በመካከሉ ወደ ቃላቱ ገባሁ። "ዳንቴል" ፈረንሳይኛ ነው፤ ሥሩ ጥርስ ማለት ነው፤ የዳንቴልን ጠርዝ ያየ ያውቀዋል። "ኪሮሽ"ም ከዚያው ነው፤ ትንሽ መንጠቆ። "ሹራብ" ግን የዐረብ ወገን ሳይሆን አይቀርም፤ ግብፆች "ሸራብ" የሚሉት ካልሲን ነው። የኛ አባቶችም "የእግር ሹራብ" ይሉ ነበር እኮ። ደግሞ በሁለት መርፌ ከተሠሩት ሥራዎች እስካሁን ከተገኙት ጥንታዊዎቹ የግብፅ የጥጥ ካልሲዎች ናቸው። ከነሱም የሚቀድም አለ። ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ ኦክሲሪንከስ ከሚባለው የግብፅ ጥንታዊ ከተማ መቃብር የወጣ፣ በአንድ መርፌ የተሠራ፣ አውራ ጣቱ ለብቻው የተከፈለ ቀይ የሱፍ ካልሲ ተቀምጧል፤ ወደ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ይሆነዋል። ኦክሲሪንከስን እኔ የማውቀው ከቆሻሻ ክምሩ በተገኙት የፓፒረስ ጽሑፎች ነው፤ ክፍል ውስጥም ስንት ጊዜ አንሥቼዋለሁ። ካልሲ እንዳለው ግን ማንም አልነገረኝ፣ እኔም ለማንም አልነገርኩ።

ሥራው ሲጠና ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ "ቀጥ" እና "ግልብጥ" የምትላቸው። መርፌው ላይ የሚሰለፉትን የክር ቀለበቶች ደግሞ "ዐይን" ትላቸዋለች። ለመለማመጃ በትርፍራፊ ክር ሃያ ዐይን ጀመርኩ። ከአሥር ረድፍ በኋላ ብቆጥር ሃያ ሰባት። ሰባቱ ከየት መጡ? ወለዱ እንዳልል! የእህቴ ልጅ ችግሩን ጽፋ ስትፈልግ ይህንኑ ብቻ የሚያስረዳ ቪዲዮ ተገኘ። ለካ በየረድፉ መጀመሪያ ክሩ ከመርፌው በላይ ተገልብጦ ወደ ኋላ ሲሄድ የመጀመሪያዋን ዐይን ወደ ላይ ይስባታል፤ ሁለት እግሯ ሲታይ ሁለት ዐይን ይመስላል፤ ጀማሪው ሁለቱንም ይሠራቸዋል። ሁልጊዜ አንዷን ሁለት እያደረግኩ ነበር። ክሩን ከመርፌው በታች ስይዘው ዳር ዳሩ እንደ ገመድ ቀጥ አለ።

ቀጥሎ አንዲት ዐይን አምልጣኝ እንደተቀደደ ስቶኪንግ እስከ ታች ተተረተረች። ይህንንም ቀይ ጥፍሯ አስተማረችኝ፤ ያመለጠችውን በኪሮሽ ያዝ፣ ከላይዋ ያለውን አግዳሚ ክር በውስጧ ሳብ፣ እንደገና፣ እንደገና፣ እንደ መሰላል እስከ ላይ። ፍጥነቷን በግማሽ ቀንሼ፣ እያቆምኩ፣ እየመለስኩ አርባ ጊዜ ሳላያት አልቀረሁም። አንዴም ድምጿ አልተለወጠም። እኔ ክፍል ውስጥ "ሦስተኛ አልደግምም" የምል ሰው ነበርኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደፍሬ የእናቴን ሥራ ያዝኩ። አርባ ስምንት ዐይን። ማታ ማታ እሷ ስትተኛ እሠራለሁ። አንድ ጣት ያህል ካደረስኩ በኋላ ብርሃን ላይ ዘርግቼ ሳየው፣ የሷ ካበቃበትና የኔ ከጀመረበት መካከል አንድ የተቋጠረ መስመር ዳር እስከ ዳር ተጋድሟል። ከታቹ ደኅና ነው፣ ከላዩም ደኅና ነው። አንድ ረድፍ ብቻ እንደታነቀ ሰው ጠብቋል። "የጀማሪዎች አሥር ስሕተቶች" የሚለውን አየሁ፤ የኔ የለበትም። ሌላ አየሁ፤ ሁሉም ትክክለኛውን አሠራር በሚያምር እጅ ያሳያሉ፤ "እናንተም እንዲህ አድርጉ" ይላሉ። አደረግኩ እኮ!

በዚህ መሐል የካቲት ገባና ዩቲዩብም ፌስቡክም ቴሌግራምም ተዘጉ። እስከ ሐምሌ እንደቆዩ ታስታውሳላችሁ። ከተማው ሁሉ ቪፒኤን ጫነ፤ የእህቴ ልጅም ለእኔ ጫነችልኝ፤ ግን ቀይ ጥፍሯ መርፌዋን እንዳነሣች ትቀርና ያች ክብ ነገር ትሽከረከራለች። ሰልችቶኝ አንድ ማታ ያንኑ ሥራ ይዤ እናቴ አልጋ አጠገብ ተቀመጥኩ። የተኛች መስሎኝ ነበር።

"የኔ መርፌ ነው" አለች።

ድምፁን ለይታዋለች። ዝም አልኩ።

"አምጪው እስቲ።"

ጭኗ ላይ ዘረጋችው። ጣቶቿ ከታች ተነሥተው ረድፍ በረድፍ ወጡ፣ ያች መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"እዚህ ጋ ነው ያቆምኩት" አለች። ቀጥላ "ይቺን ምን ብለሽ አነቅሻት? ከፊት አስገብተሽ ነው የሠራሻት?"

"አዎ እማዬ፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያሳዩት።"

"የኔ ዐይን ከኋላ ነው የሚከፈተው።"

መርፌውን ተቀብላ በአየር ላይ አሳየችኝ። ግልብጡን ስትሠራ ክሩን የምትጠመጥመው እኔ ከቪዲዮ በለመድኩት አቅጣጫ ሳይሆን በተቃራኒው ነው። በዚህ የተነሣ ዐይኖቿ መርፌው ላይ የሚቀመጡት የፊተኛው እግራቸው ወደ ኋላ ዞሮ ነው። ከኋላ ከተገባባቸው ይከፈታሉ፤ ከፊት ከተገባባቸው አንገታቸው ይጠመዘዛል። የቀይ ጥፍሯ ዐይኖች ደግሞ ከፊት ናቸው የሚከፈቱት። እሷም ትክክል፣ እናቴም ትክክል። የኔ ስሕተት ከሁለቱ መገናኛ አንድ ረድፍ ላይ ነበር። ከሰባ ዓመት በፊት አንዲት አርመን ሴትዮ አራዳ ላይ ለአንዲት ልጅ ክሩን በየት በኩል እንዳዞሩላት የትኛው ቪዲዮ ሊያውቅ ይችላል?

ያን ሌሊት ግን ያላስተኛኝ ሹራቡ አልነበረም። ሳስተምር ሰማንያ ምናምን ተማሪ የሚሞላው አዳራሽ ነበረኝ። ድርሰታቸውን እሰበስባለሁ፣ በቀይ እስክርቢቶ "ግልጽ አይደለም" ብዬ እመልሳለሁ። አንድ ልጅ፣ ከገጠር የመጣ፣ ወረቀቱን ይዞ ሦስት ጊዜ ቢሮዬ መጣ። "መምህር፣ የቱ ጋ ነው ግልጽ ያልሆነው?" ይለኛል። እኔ ከመደርደሪያዬ የጎበዝ ተማሪ ድርሰት አውጥቼ "እንዲህ ነው የሚጻፈው፣ አንብበው" እለዋለሁ። ሦስቱንም ጊዜ። የሱን ወረቀት ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ዐረፍተ ነገሩ የታነቀባትን መስመር በጣቴ አልፈለግኩለትም። ምናልባት እሱም ከቤቱ ይዞት የመጣው አነጋገር ከኋላ የሚከፈት ነበር። አራተኛ አልመጣም። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ልጅ አባቱ አጠገብ ነው የሚቀመጠው፤ ክሩ ሲበጠስበት አባትየው የሌላ ሸማኔ ነጠላ አያሳየውም፣ የተበጠሰችዋን ነው የሚይዝለት። ይህን በየቀኑ በደጃቸው እያለፍኩ አይቼዋለሁ፤ እያለፍኩ ነበር።

"ፍቺው" አለችኝ እናቴ በነጋታው። የሁለት ሳምንት ሥራ! መርፌውን አወጣሁትና እሷ ትስበዋለች፣ እየሳበች ትጠቀልለዋለች። ያች መስመር ጋ ስትደርስ እጇ ዝግ አለ። ከዚያ ዐይኖቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየዳሰሰች መርፌው ላይ መለሰቻቸው፤ እኔ ቆጠርኩ። አርባ ሰባት።

"አንዷ ወርዳለች" አለችና ጣቷን አሳረፈችባት። "እኔ አሁን ይቺን ማውጣት አልችልም።"

ኪሮሹን አምጥቼ መሰላሏን እያስወጣሁ አወጣኋት። በጣቷ መረመረቻት።

"ይሄን ማን አሳየሽ?"

"ስልክ።"

"ጎበዝ ሴት ናት" አለች፤ ሴት መሆኗን አልነገርኳትም ነበር።

የግራው ፊት ለፋሲካ አለቀ። የቀረው ቁርጥራጮቹን መጋጠም ነበር፤ እሱን ግን እናቴ ልታስረዳኝ አልቻለችም። "እሱን በዐይኔ ነበር የምሠራው" አለችና ዝም አለች። ሹራቡ በየቁራጩ ሆኖ ወራት ተቀመጠ። ሐምሌ ላይ ዩቲዩብ ሲለቀቅ ክረምቱ ገብቶ ነበር፤ ቀይ ጥፍሯን ፈልጌ ስለ መጋጠም የሠራችውን አገኘሁ። ስልኩን አልጋው ላይ፣ በሁለታችን መሐል አስቀመጥኩት። እናቴ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች።

"ምን ትላለች?"

"አምስት ስድስቴ ለቀቅ አድርገሽ ስፊ፤ ክሩን የምትስቢው ከዚያ በኋላ ነው ትላለች።"

ትንሽ አሰበችበት። በባዶ እጇ አየር ላይ ሁለት ሦስቴ ሰፋች፣ ሳበች።

"ልክ ናት" አለች። "ድገሚያት።"