አራተኛ የወጣንባቸው ዓመታት

የዛሬው ስለ ኳስ ነው። ማንቼዎችም አንብቡት፤ ስድቡ አያመልጣችሁም።

የአርሰናል ደጋፊ ክርክር ሲጠብበት የሚሮጠው ወደ አንድ ዓመት ነው፤ ወደ 2004። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) 38 ጨዋታ፣ 26 ድል፣ 12 አቻ፣ ዜሮ ሽንፈት። ሄንሪ፣ ቪየራ፣ ፒሬስ፣ ቤርካምፕ። ስሞቹን ደርድረን ስንጨርስ ክርክሩ ያልቃል። እኔ ግን ስለዚያ ቡድን ደረቴን ነፍቼ ማውራት ይከብደኛል፤ አላየሁትማ! አርሰናልን መከታተል የጀመርኩት 2006 ላይ ነው። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ አብዛኞቻችሁም እንደዚያው ናችሁ። ያልተሸነፈውን ቡድን በወሬ ወረስነው፤ የኖርነው ግን «አራተኛ ደረጃ ዋንጫ ነው ወይ?» እየተባለ የተሳቀብንን ዘመን ነው።

ስለዚያ ዘመን ያለኝ አስተያየት የራሳችንን ሰዎች ጭምር ያናድዳል። እኔ እንደማምነው ቬንገር ትልቁን ሥራ የሠራው ሳይሸነፍ በጨረሰበት ዓመት አይደለም። ከ2006 እስከ 2013 ባሉት፣ አንድም ዋንጫ ባልነካባቸው ዓመታት ነው።

2006 ላይ ክለቡ 38 ሺህ ሰው ከሚይዘው ሀይቡሪ ወጥቶ 60 ሺህ ወደሚይዘው ኤምሬትስ ገባ። ግንባታው ወደ 390 ሚሊዮን ፓውንድ ፈጅቷል፤ ብዙው ደግሞ ብድር ነው። ቤት እየሠራ ያለ አባወራ እንዴት እንደሚኖር ሁላችንም እናውቃለን፤ ልጆቹ ለዒድ የአምናውን ልብስ አሳጥበው ይለብሳሉ። ጎረቤቶቹ ግን ቤት እየሠሩ አልነበሩም። ቼልሲን አብራሞቪች በ2003 ገዝቶታል፣ ሲቲን ሼክ መንሱር በ2008 ገዝቶታል። አርሰናል ሲሚንቶ ሲከፍል እነሱ አጥቂ ይገዛሉ።

ከዚህም የባሰው፣ የሚገዙት ከእኛው ቤት መሆኑ ነው። ሲቲ ብቻውን በ2009 ኮሎ ቱሬንና አዴባዮርን፣ በ2011 ክሊሺንና ናስሪን፣ በ2014 ሳኛን ወሰደ። ሄንሪ በ2007፣ ፋብሪጋስ በ2011 ወደ ባርሴሎና ሄዱ። ቫን ፐርሲ በአንድ የውድድር ዓመት 30 የሊግ ጎል አግብቶልን በ2012 ክረምት ወደ ማንቼ ተሻገረ፤ በመጀመሪያው ዓመቱም ሻምፒዮን ሆነላቸው። ቫን ፐርሲን አውፍ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። የእኔ እጅ አልወጣም።

በዚህ ሁሉ መሀል አርሰናል ከ1998 ጀምሮ እስከ 2017 ድረስ 19 ተከታታይ ዓመት ሻምፒዮንስ ሊግ ተጫውቷል። ቀላል ነው የምትሉ ሌሎቹን እዩ። ሊቨርፑል ከ2010 በኋላ አራት ዓመት ከዚያ ውድድር ርቋል። ማንቼ ሰር አሌክስ በሄዱ በመጀመሪያው ዓመት ሰባተኛ ወጣ። ቬንገር በየክረምቱ ምርጡ ተጫዋቹ እየተወሰደበት፣ በልጆች እየተጫወተ አራት ውስጥ ይጨርሳል። የሻምፒዮንስ ሊጉ ገንዘብ ደግሞ ለዚያ ዕዳ የግድ ያስፈልግ ነበር። እኛ በየሳምንቱ የምንሰደብበት አራተኛ ደረጃ ስታዲየሙን ሲከፍል ከርሟል።

ዋንጫውም ቢሆን ሩቅ አልነበረም። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2008 ወደ በርሚንግሃም ስንሄድ ሊጉን በአምስት ነጥብ እየመራን ነበር። ገና በሦስተኛው ደቂቃ የኤድዋርዶ እግር ተሰበረ። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ደግሞ ለማሳየት እንኳ የከበደው ጨዋታ ነው። 2 ለ 1 እየመራን በመጨረሻው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን፤ 2 ለ 2። አምበላችን ጋላስ ሜዳው ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ። ብዙ ሰው ቡድኑ የወደቀው ጋላስ ስለተቀመጠ ነው ይላል። እኔ አይመስለኝም። የጓደኛቸው እግር ሲሰበር ያዩት ልጆች ከዚያ ቀን በኋላ እንደ በፊቱ አልተጫወቱም። በ83 ነጥብ ሦስተኛ ጨረስን፤ ሻምፒዮኑ ማንቼ 87 ነበረው። አራት ነጥብ ብቻ! ያን ዋንጫ ወስደን ቢሆን ኖሮ ፍላሚኒና ህሌብ በዚያው ክረምት ይሄዱ ነበር? ፋብሪጋስስ ስንት ዓመት ይቆይ ነበር?

የዚህን ዘመን ታሪክ በአንድ ተጫዋች ንገረን ብትሉኝ አቡ ዲያቢን እነግራችኋለሁ።

ዲያቢ በጃንዋሪ 2006 ከኦዤር መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኳስ እግሩ ላይ ስትሆን የማይቸኩል። ሁሉም «አዲሱ ቪየራ» አለው። ሜይ 1 ቀን ሰንደርላንድን 3 ለ 0 እየመራን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ምንም በማይጠቅም ኳስ ላይ ቁርጭምጭሚቱን ሰበሩት። 20 ዓመት እንኳ አልሞላውም። ከ16 ቀን በኋላ ፓሪስ ላይ ከባርሴሎና ጋር የተደረገው ፍጻሜም አመለጠው። ያ ቁርጭምጭሚት ከዚያ በኋላ በትክክል አልዳነም። አንዱን ጉዳት ለመሸሽ ሲያነክስ ሌላው ጡንቻ ይሄዳል፤ እሱ ሲድን ጉልበቱ። በዘጠኝ ዓመት ተኩል 180 ጨዋታ ብቻ ነው ያደረገልን፤ በመጨረሻዎቹ ሁለት የውድድር ዓመታት ደግሞ ሁለት ጨዋታ ብቻ።

ደሴ ውስጥ የምናይበት ዲኤስቲቪ ቤት «ብርጭቆው» ነበር የሚባለው። ስሙ ሲጠራ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ይበልጥ የተጠላው ግን ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2011 ከኒውካስል ጋር በነበረው ጨዋታ ነው። በአስር ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጎል፣ በእረፍት 4 ለ 0። መግሪብ ገብቶ ስለነበር በእረፍቱ ወጥተን ሰገድን። አንዳንዱ «በቃ አልቋል» ብሎ ከመስጂድ በቀጥታ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ስመለስ በሩ ላይ አንድ የማንቼ ደጋፊ ጥርሱን አሳይቶ «ግባ፣ ግባ፣ ገና አላለቀም» አለኝ። ዲያቢ በቀይ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ 4 ለ 4።

ቀይ ካርዱ ትክክል ነው፤ ሰው አንገት ይዞ መገፍተር በየትም ሕግ ቀይ ነው። ግን ከዚያ በፊት ጆይ ባርተን እንዴት እንደገባበት ቪድዮውን ፈልጋችሁ እዩ። በእንዲህ ዓይነት አገባብ ሕይወቱ የተበላሸበት ልጅ ነው። ሌላው ተጫዋች ተነስቶ ሱሪውን ያራግፋል፤ ዲያቢ የሚያስታውሰው ሰንደርላንድን ነው። አራቱን ጎል ያስገባቡን ሜዳ ላይ የቀሩት አስር ሰዎች ሆነው ሳለ፣ እስከ ዛሬ የሚሰደበው እሱ ብቻ ነው። ይህ ፍርድ አይዋጥልኝም።

ጤነኛ ሆኖ ሲጫወት ምን እንደሚመስል ማየት ለፈለገ ደግሞ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2012 አንፊልድ ላይ ያደረገውን ይመልከት። ሊቨርፑልን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ጎሎቹን ፖዶልስኪና ካዞርላ አገቡ፤ መሀሉን ግን ብቻውን የገዛው ዲያቢ ነው። በወሩ ማብቂያ ላይ እንደገና ተጎዳ። ቬንገር እስከ 2015 ጠበቀው። ብዙዎች ይህን እንደ ድክመት ይቆጥሩበታል። እኔ ደግሞ በዚህ የኳስ ገበያ ውስጥ ለተሰበረ ልጅ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ አሰልጣኝ ሌላ ካለ ንገሩኝ እላለሁ።

ዕዳው ቀለል ሲል፣ በሴፕቴምበር 2013፣ ኦዚል በ42.5 ሚሊዮን ፓውንድ መጣ። በእኛ ቤት ኦዚል ከጨዋታ በፊት እጁን ዘርግቶ ዱዓ ሲያደርግ የማንቼ ደጋፊው እንኳ «ማሻአላህ» ይል ነበር። እኔ የምወደው ግን ለኳሱ ነው፤ በ2015/16 በሊጉ ብቻ 19 ጎል የሆኑ ኳሶችን አቀብሏል። በ2014 ኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ሃል ሲቲ በስምንት ደቂቃ ውስጥ 2 ለ 0 መርቶን፣ ራምሴ በ109ኛው ደቂቃ 3 ለ 2 ሲያደርገው የዘጠኝ ዓመቱ ጾም ተፈታ። በዲሴምበር 2019 ኦዚል ስለ ኡይጉር ሙስሊሞች ሲጽፍ ክለቡ «ፖለቲካ ውስጥ አልገባም» ብሎ ራሱን ያራቀበትን ነገር ግን እስከ ዛሬ አልወደድኩትም። ከዚያ በፊት ሜዳ ላይ መቀዝቀዝ ጀምሮ እንደነበርም እውነት ነው፤ ሁለቱ ለየብቻ ይታዩ።

አርቴታን ብዙዎች የፔፕ ተማሪ ብቻ አድርገው ያዩታል። መቼ እንደመጣ ግን አስታውሱ፤ ኦገስት 28 ቀን 2011 ኦልድትራፎርድ ላይ 8 ለ 2 ተሸነፍን፣ በሦስተኛው ቀን አርቴታ ፈረመ። ያን ዘመን ከውስጥ ሆኖ የኖረ፣ በኋላም አምበል የሆነ ሰው ነው። አሰልጣኝ ሆኖ በ2020 ኤፍኤ ካፕ ወሰደ፣ ከዚያ በ2023፣ በ2024 እና በ2025 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሁለተኛ ወጣ። አሁን ደግሞ ሳቁ ከአራተኛ ወደ ሁለተኛ ተዛወረ።

ቁጥሩን ብቻ ልተውላችሁ። ያልተሸነፈው ቡድን በ26 ድልና በ90 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ። የ2024ቱ የአርቴታ ቡድን 28 ጨዋታ አሸንፎ፣ 89 ነጥብ ይዞ፣ በሲቲ በሁለት ነጥብ ተበልጦ ሁለተኛ ሆነ። ማንቼ በዚያ ዓመት ስምንተኛ ነበር።