አከራይም ተከራይም የተቸገሩበት ግቢ

ክፍለ ሀገር ለተመደበ ወጣት ቤተሰቡ የማይነፍገው ማጽናኛ አለ፤ «ደግሞ እዚያ ቤት ኪራይ ርካሽ ነው!»። ይህን የሚሉት ሰዎች የሚያስታውሱት ብዙ ጊዜ የድሮዋን ከተማ ነው።

ደብረ ብርሃንን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ያለች፣ ለረጅም ዘመን በብርዷና በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የምትታወቅ ከተማ ነበረች። በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ ቢራ ፋብሪካዎቹና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተከተሉ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከወለጋና ከሌላም አካባቢ የተፈናቀሉ ወገኖች ተጠለሉባት። መምህሩም፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋም፣ ከግቢ ውጭ መኖር ያማረው ተማሪም፣ ተፈናቃዩም የሚፈልጉት ያችኑ አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ነው። ፋብሪካ ባንክ አበድሮት ቶሎ ይቆማል። ሰርቪስ ቤት ግን ባለቤቲቱ ዕቁብ ሲደርሳት አንድ ክፍል፣ ልጇ ከዓረብ አገር ስትልክላት ሌላ አንድ ክፍል እየተባለ ነው የሚቀጠለው።

ስለዚህ ጥሩ ቤት ደላላ እጅ ሳይገባ ያልቃል። የሚወጣው ተከራይ ዕቃውን ሳይሸክፍ ተተኪው ታውቋል፤ የሥራ ባልደረባው ወይም ያገሩ ልጅ ነው። ርካሽ ቤት የሚገኘው በሰው ነው። ሰው የሌላት ከገጠር የመጣች ልጅ ግን ደላላው ያሳያትን ትወስዳለች፤ ኪራዩን ብቻዋን ስለማትችለው ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ትጋራለች፤ አንዷ ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ ሌላዋ ከፍራሹ ተነሥታ ትሄዳለች።

ቤቱ ከተገኘ በኋላም ተመርማሪው ተከራዩ ነው። እኔን የተቀበሉኝ እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ በሩ ላይ ቆመው ነበር የጠየቁኝ። «ማን ነው የላከህ?» «ላጤ ነህ?» «ታመሻለህ?» መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምጣድ ትሰካለህ እንዴ ልጄ?»

የምጣዱ ነገር ቀልድ አይደለም። ለግቢው ሁሉ ያለው ቆጣሪ አንድ ነው። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ከፍ ይላል፤ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ለየብቻቸው ቢሆኑ ከሚከፍሉት በላይ ይከፍላሉ ማለት ነው። ስለዚህ ቤት ስታዩ ኪራዩን ብቻ አትጠይቁ። መብራቱ በነፍስ ወከፍ ነው የሚካፈለው ወይስ በቤት? ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶ አለ? የግቢው በር ስንት ሰዓት ይዘጋል? በወሩ መጨረሻ እነዚህ ሁሉ ብር ናቸው።

እማማ ግን ጨካኝ አይደሉም። ሁለቱ ሰርቪሶች ጡረታቸው ናቸው። ጤፍና ዘይት ሲወደድባቸው ያላቸው መላ «ከሚመጣው ወር ጀምሮ ጨምር» ማለት ነው። የመምህሩ ደመወዝ ግን በዚያው ፍጥነት አይጨምርም። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አከራይን ስንራገም የምንረሳው ይህን ነው፤ በትንሽ ከተማ ብዙውን ጊዜ የሚጨቃጨቁት ሁለት የተቸገሩ ሰዎች ናቸው።

ሕግ አለ። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በደሳሳ ግቢ ውስጥ ግን ቡና አብሮ እየጠጡ «ውል እንጻፍ» ማለት ያሳፍራል፤ አከራይዋ ግብር ይፈራሉ፣ ተከራዩ «ውጣ» መባልን። እኔ ግን ጻፉ እላለሁ። ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደማይጨምር፣ መብራትና ውሃው እንዴት እንደሚከፈል በአንድ ወረቀት ላይ ይስፈር። ቂም የሚመጣው «እንዲህ አላልኩም» ሲባባሉ ነው።

ወረቀቱ ግን ክፍል አይጨምርም። ይህን አገራችን ቀምሳዋለች። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ኪራይ ተቀነሰ፤ የቀበሌ ቤት ኪራይ ዛሬም ርካሽ ነው፣ ነገር ግን አንዴ የገባ ስለማይወጣ ለአዲስ መጪ አይደርስም። በማኅበር ተደራጅተው ቦታ የተመሩ የመንግሥት ሠራተኞችም አሉ፤ ብሎኬትና ቆርቆሮ መግዣ አጥተው ካርታቸውን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ኪራይ የሚከፍሉ ብዙዎች ናቸው። ለእነሱ የሚበጀው በደመወዛቸው ልክ የሚከፈል የግንባታ ብድር ነው።

ከተሞቻችን ባለሀብት ሲጠሩ መሬቱን፣ መንገዱንና መብራቱን አዘጋጅተው ነው። መሬቱ በሚጸድቅበት ስብሰባ ላይ ግን «ሠራተኛው የት ያድራል?» የሚል ጥያቄ አይነሣም፤ መልሱ የእማማ ግቢ እንደሆነ በዝምታ ተስማምተናል። የከተማ ምክር ቤት አባል የሆነ ሰው ይህን ካነበበ፣ ለሚቀጥለው ፋብሪካ መሬት ሲጸድቅ እጁን አውጥቶ ይህችን አንዲት ጥያቄ ይጠይቅልን።