«ምን ያህል ያውቃሉ?» ሲባሉ

በብርድ አገር የምትኖር ኢትዮጵያዊት እናት በረዶ በሚጥልበት ወራት አዲስ ጥያቄ ያጋጥማታል። የልጆቿ ጓደኞችና የሥራ ባልደረቦቿ ወደ በረዶ ሸርተቴ ሲሄዱ እርሷንም «ነይ እንጂ» ይሏታል። እኔ በምኖርበት በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ዋና ከተማ በዴንቨር፣ ብዙ የአገራችን ሰዎች አሉ፤ ከከተማይቱ በስተምዕራብ ያሉት ተራሮችም በሸርተቴ የታወቁ ናቸው። ስፖርቱም ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሊምፒክ ጨዋታዎች አገሩን ወክሎ በስኪ ተወዳድሯል።

ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ግን ስለ ውድድር አይደለም። ለሸርተቴ ትምህርት የሚመዘገብ ሁሉ «ምን ያህል ያውቃሉ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ በመልሱም መሠረት ከጀማሪዎች፣ ከመካከለኞች ወይም ከበሰሉት ጋር ይመደባል። ጥያቄው ቀላል ነው፤ መልሱን የሚያበላሸው እፍረት ነው።

አንዲት ባልደረባዬ ከዚያ በፊት አንድ ቀን ብቻ ሞክራ ሳለ በጓደኞቿ ፊት «ጀማሪ ነኝ» ማለት ከበዳትና «መካከለኛ» አለች። ከቡድኑ ጋር ከፍ ወዳለው ስፍራ ወጥታ ቁልቁለቱን ስታየው ጉልበቷ ከዳት። አስተማሪው እርሷን ለማውረድ ሲደክም ሌሎቹ ብርድ ላይ ቆመው ጠበቁ። እኩለ ቀን ላይ ወደ ጀማሪዎች ተዛወረች፤ የከፈለችበት ግማሽ ቀን ግን ባክኖ ቀረ።

የባሰውም አለ። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያዘው መቆለፊያ ሰው ሲወድቅ እግሩን እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጥብቀቱ የሚስተካከለው በክብደት፣ በቁመት፣ በዕድሜና በጫማው ርዝመት ብቻ ሳይሆን፣ ተጠቃሚው ስለ ችሎታውና ስለ አነዳዱ በሚሰጠው ቃል ጭምር ነው። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ጀማሪ ላላ ይደረጋል፤ በፍጥነት ለሚወርድ ይጠብቃል። እንግዲህ ጀማሪዋ «ጎበዝ ነኝ» ካለች፣ ስትወድቅ መቆለፊያው ሳይለቅ እግሯ ሊጠመዘዝ ይችላል። በትክክል የተስተካከለ መቆለፊያም ቢሆን ጉልበትን ከጉዳት ሁሉ አያድንም፤ በጉልበት ጅማት መበጠስ ደግሞ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች የበለጠ ይጠቃሉ። ቆማ በመሥራት ቤተሰብ የምታስተዳድር እናት ለወራት ብትተኛ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል?

ስለዚህ ከመመዝገባችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። በፈለግሁበት ቦታ መቆም እችላለሁን? ወደ ቀኝም ወደ ግራም እታጠፋለሁን? የስኪዎቹን የፊት ጫፍ አቀራርቤ፣ የኋላቸውን ከፍቼ ፍጥነቴን መቀነስ እችላለሁን? ወይስ ከዚህ አልፌ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ እታጠፋለሁን? በተንጠልጣዩ ወንበር ያለ ረዳት ወጥቼ እወርዳለሁን? ለመጨረሻ ጊዜ በረዶ ላይ የቆምሁት መቼ ነው? መቆም ወይም መታጠፍ ያልቻለች ጀማሪ ናት፤ ይህንም ያለ እፍረት ትናገር።

በሰሜን አሜሪካ አረንጓዴ ክብ ቀላሉን፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን መካከለኛውን፣ ጥቁር ዳይመንድ ከባዱን መንገድ ያመለክታል። ነገር ግን ምልክቱ የሚሰጠው በዚያው ተራራ ካሉት ሌሎች መንገዶች ጋር ተነጻጽሮ ስለሆነ፣ የአንዱ ተራራ አረንጓዴ ከሌላው ሊከብድ ይችላል። ደግሞም ወድቆ ተነሥቶ ታች መድረስና ፍጥነትን ተቆጣጥሮ መውረድ አንድ አይደሉም። መለኪያችን ሳንጨነቅ የወረድንበት መንገድ ይሁን። ስኪ የምትችል ሴትም ስኖውቦርድ ስትጀምር እንደ አዲስ ጀማሪ ናት፤ የሰውነት አቋቋሙ ሌላ ነውና።

በሌላ በኩል ችሎታ ያላት ሴት በይሉኝታ «ምንም አላውቅም» ብትል፣ የምታውቀውን ስትደግም ትውልና ገንዘቧን ታባክናለች። ልጆች ደግሞ ችሎታን በፍጥነት ይለካሉ። የዘጠኝ ዓመት ልጄ «ጎበዝ ነኝ!» ስትለኝ «እንዴት ነው የምትቆሚው?» አልኋት። «እወድቃለኋ!» አለችኝ። ከጀማሪዎች ጋር አስመዘገብኋት፤ አኮረፈች። በሦስተኛው ቀን ግን መቆም ችላ፣ አስተማሪዋ ራሷ ወደሚቀጥለው ቡድን አሳለፈቻት።

እኅቶቼ፣ አስተማሪ የሚያስፈልገው ለማያውቅ ሰው ነው። ያለንበትን ደረጃ በትክክል መናገር ለአስተማሪው ሥራውን ያቀልለታል፤ ለእኛም አካላችንንና ገንዘባችንን ይጠብቅልናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደተባለው፣ ከአረንጓዴው የጀመረች እናት ወደ ሰማያዊው መድረሷ አይቀርም።