ልጃችሁ ከሩንዳ

ይድረስ ለደባርቅ ቤተሰብ፤

ልጃችሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው። በስልክ «ብቻህን ጫካ አትግባ፣ ብቻህን ተራራ አትውጣ» የተባለውን ምክር ግማሹን ሰምቷል፤ ግማሹን አልሰማም። ያልሰማውን ግማሽ በደብዳቤ መናዘዝ ይሻላል ብሎ ነው ይህን የጻፈው። በደብዳቤ መሀል ጣልቃ ገብቶ የሚቆጣ ሰው የለም።

ሩንዳ ከናይሮቢ በስተሰሜን ያለ ሰፈር ነው። ድሮ የቡና እርሻ ነበር፤ ዛሬ አጥሩ ረጅም፣ መግቢያው ላይ ኬላ ያለው፣ ዲፕሎማቱና በጊጊሪ ያለው የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የሚኖርበት ሆኗል። ልጃችሁ ዲፕሎማት ሆነ ብላችሁ ለጎረቤት እንዳታወሩ! የተከራየው ከአንድ ትልቅ ቤት ጀርባ ያለች ሰርቪስ ቤት ነው። መስኮቷ ግን ወደ ዛፉ ነው የሚከፈተው። አንገቱ ዙሪያ ነጭ የሆነ፣ ሳይክስ የሚሉት ጦጣ በየማለዳው ከነቤተሰቡ በአጥሩ አናት ላይ ይሰለፋል፤ መስኮት ክፍት የተረሳበትን ቤት እየቆጠረ ያልፋል።

ሰዓት አላስቸገረውም። ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛ ነው፤ ጀምበር ስትወጣ አሥራ ሁለት፣ ቀትር ላይ ስድስት። ዘበኛው «ሳ ሞጃ» ካለ አንድ ሰዓት ማለቱ ነው፤ ደባርቅም በዚያው ደቂቃ አንድ ሰዓት ነው። ያው ዘበኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ግን ሰባት ይለዋል። ልጃችሁ በዚህ አገር ዘመድ ያገኘ የመሰለው መጀመሪያ በዚህ ነበር።

ሁለተኛው ዘመድ ዛፍ ላይ ነው የተገኘው።

ከሩንዳ በስተደቡብ ካሩራ የሚባል 1,041 ሄክታር ደን አለ። ከተማ መሀል ነው፤ ግን ገብተው ሩብ ሰዓት ከሄዱ የመኪና ድምፅ ይጠፋል። ሚዳቋ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ጆሮውን ይቀስራል። አንድ ቅዳሜ ልጃችሁ ብቻውን ሲሄድ ከላይ ቅርንጫፍ ተንኮሻኮሸ። ቀና አለ። ጥቁር ሰውነት፣ ከትከሻ እስከ ወገብ እንደ ካባ የተንዠረገገ ነጭ ጸጉር፣ ጫፉ እንደ መነኩሴ ጭራ የተበተነ ጅራት። ጉሬዛ! ጮክ ብሎ ስሙን ጠራው። አጠገቡ በሩጫ የምታልፍ አንዲት ኬንያዊት ቆም ብላ፣ ስሙን ያወቀው ከእንስሳት መጽሐፍ መስሏት፣ «አዎ፣ ኮሎበስ ጉሬዛ» አለችው።

ነገሩ እውነት ነው፤ በሳይንሱ ዓለም መጠሪያው ይኸው የእኛው ቃል ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ ጀርመናዊ በ1830ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) እኛ አገር መጥቶ፣ ስሜንንም ረግጦ፣ ያየውን እንስሳ እየመዘገበ ሄደ። በ1835 ባሳተመው ሥራ ጉሬዛን ጉሬዛ፣ ጭላዳን ጭላዳ፣ ዋልያን ዋልያ ብሎ ገበሬው በሚጠራበት ስም አስገባቸው። ኮሎበስ የሚለው የፊት ስም ግን ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ «የተቆረጠ» ማለት ነው፤ እንስሳው አውራ ጣት ስለሌለው። ፈረንጅ ጉድለቱን አይቶ ሰየመው፤ የእኛ ሰው ሌላ ስም አወጣለት። የትኛው ስም እንደሚያምር ፍርዱን ለእናንተ።

የካሩራ ጉሬዛዎች ራሳቸው ስደተኞች ናቸው። ከደኑ ጠፍተው ነበር። ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ከአበርዴር ተራሮች አካባቢ፣ ጫካቸው ተመንጥሮ ከገበሬ ማሳ ጋር ሲጋጩ ከነበሩበት፣ እየተያዙ መጥተው እዚህ ተለቀቁ። ለእነሱ ማረፊያ የሆነው ደን ደግሞ ሊጠፋ አንድ ሐሙስ ቀርቶት የተረፈ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ መሬቱ ለግል ግንበኞች መከፋፈሉ ሲሰማ ኬንያዊቷ የአካባቢ ተሟጋች ዋንጋሪ ማታይ ችግኝ ይዛ መጣች። ጃንዋሪ 8 ቀን 1999 በደኑ በር ላይ የተሰማሩ ሰዎች እሷንና አብረዋት የነበሩትን ደበደቡ፤ ራሷ ተፈነከተ፤ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ክሷን በገዛ ደሟ ፈረመች። በዚያው ዓመት ነሐሴ ፕሬዚዳንት ሞይ የሕዝብ መሬት ማደሉን አገዱ። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣት። ያም ሆኖ ደኑ ለብዙ ዓመት የሽፍታ መደበቂያ ነበር፤ ብቻውን ደፍሮ የሚገባበት ሰው አልነበረም። የሰፈሩ ሰዎች «የካሩራ ደን ወዳጆች» ብለው ተደራጅተው፣ ከመንግሥት የደን መሥሪያ ቤት ጋር ሆነው ዙሪያውን በኤሌክትሪክ አጥር ካጠሩት በኋላ ነው ሴት ልጅ ብቻዋን በማለዳ የምትሮጥበት የሆነው። ልጃችሁ ብቻውን መሄድን የተለማመደው እዚህ ነው፤ ስለዚህ እናታችን ብትቆጣ ከፊሉ ጥፋት የዋንጋሪ ማታይ ነው።

ከዚያ ወደ ሎንጎኖት ተሻገረ። ስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ፣ ከናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ ብቻውን የቆመ፣ አናቱ ገደል የሆነ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው፤ 2,776 ሜትር። ቁመቱ ደባርቅን እንኳ አያክልምና ልጃችሁ ንቆት ነበር የሄደው። ከናይሮቢ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተነሥቶ፣ በሩ ላይ ተመዝግቦ፣ ብቻውን ገባ፤ እዚያ ይፈቀዳል። ግርጌው ላይ የሜዳ አህያና ቀጭኔ ከብት ይመስል ተሰማርተዋል። አንድ ሰዓት ያህል ዳገቱን ወጥቶ ጠርዙ ላይ ሲደርስ፣ ከእግሩ ሥር ጥልቅ ጉድጓድ፤ የጉድጓዱ ወለል ደግሞ ጫካ ነው። ጠርዙን መዞር ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ጎሹን ያገኘው ሲመለስ ነው።

መንገዱ ቁጥቋጦ ውስጥ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ምናልባት ሠላሳ እርምጃ ርቀት ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ኮርማ ጭቃ ተለቅልቆ ቆሟል። ብቻውን ነው። በፉከራ «ጎሽ ገዳይ» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ጎሽ ምን እንደሚያክል የሚያውቅ ይመስለዋል፤ አያውቅም። ቀንዱ ግንባሩ ላይ ተገጣጥሞ የብረት ቆብ ሠርቷል። በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ጠዋት በግማሽ እንግሊዝኛ በግማሽ ስዋሂሊ የነገረው ነገር አሁን ነው የገባው፤ መንጋ ሰው ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻል፤ የሚያስፈራው ከመንጋው የተለየው አሮጌ ወንድ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚያጠቃው ሳያይህ ስትደርስበትና መውጫ ስትዘጋበት ነው። ስለዚህ እያወራህ ሂድ፤ ካየኸው አትሩጥ፤ ፊትህን ሳታዞር ወደ ኋላ ራቅ፤ የምትወጣበት ዛፍ ፈልግ።

ልጃችሁ ወደ ኋላ ራቀ። ዛፍ ፈለገ፤ ያገኘው የግራር ዛፍ እሾኹ የጣት ርዝመት ነው። ጎሹ አፍንጫውን አንሥቶ ነፋሱን አሸተተ፤ ምንም አላደረገም። ቆመ። ልጃችሁም ቆመ። በዚህ መካከል ሃያ ደቂቃ አለፈ፤ ለሽማግሌው ጎሽ ሃያ ደቂቃ ምንም አይደለም። ኋላ ከላይ በኩል የተማሪዎች ጫጫታ ተሰማ፤ ከናይሮቢ የመጡ አርባ ያህል የትምህርት ቤት ልጆች እየዘፈኑ እየወረዱ ነው። ጎሹ የልጆቹን ዘፈን ሲሰማ የተሰለቸ ይመስል ዞሮ ወደ ቁጥቋጦው ገባ። ልጃችሁ እነዚያ ልጆች መሀል ተቀላቅሎ፣ ግጥሙን ሳያውቅ እያጨበጨበ ወረደ። ብቻውን የወጣበት መንገድ በዚህ አለቀ።

ኬንያ ተራራ ላይ ግን ብቻ መሆን ጭራሽ የለም። ናንዩኪ አልፎ ባለው የሲሪሞን በር ብቻውን የመጣን ሰው አስጎብኚ ሳይዝ አያሳልፉትም። ልጃችሁ ለመከራከር ሞክሮ ነበር፤ «እኔ የስሜን ልጅ ነኝ» አለ። የበሩ ሠራተኛ ስሜን የት እንደሆነ አላወቀም። በኋላ ሲያስበው ግን የራሱ ክርክር አሳፈረው። እኛስ ፈረንጁን ያለ ስካውት መቼ እናሳልፋለን? አጎታችን ጠመንጃውን አንግቶ ከስንት እንግዳ ኋላ ኋላ ሲከተል ኖሯል። እዚህ አስጎብኚው ጠመንጃ የለውም። ያለው ዱላና ጆሮው ነው፤ በመኪና መንገዱ ላይ የዝሆን እበት ሲያይ ጎንበስ ብሎ በእጁ ይነካና ይሞቃል ወይስ ቀዝቅዟል ብሎ ይወስናል። የዚያን ቀን ቀዝቃዛ ነበር።

«ፖሌ ፖሌ» ይላል በየመቶ እርምጃው፤ ቀስ በቀስ ማለቱ ነው። ልጃችሁ እኛም «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን ብሎ ተረጎመለት። አስጎብኚው ጥቂት አሰበና እንቁላሉ ወዴት ነው የሚሄደው ብሎ ጠየቀ። እስከ ሰፈሩ ድረስ ሁለቱም መልስ አላገኙለትም።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከ2,650 ሜትር ተነሥቶ በጥድና በዝግባ መሀል ይወጣል። ከፍ ሲል ኮሶ ይመጣል፤ ያው ኮሶ፣ ቅርፊቱ የተላጠ፣ ቀይ አበባው የተንጠለጠለ። ከኮሶው በላይ አስታ። ከአስታው በላይ ሣሩ ገብስማ ይሆንና፣ በሁለተኛው ቀን፣ ማኪንደር ሸለቆ ውስጥ ጅብራ ቆሞ ይታያል። የእኛ ጅብራ ይረዝማል፤ የእነሱ ዓይነቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ጠጉራም ሆኖ ከሩቅ ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌ ይመስላል፣ ሌላው ቅጠሎቹ መሀል ውሃ አቁሮ ይይዛል። ሌሊት የውሃው ገጽ በረዶ ይሆናል፤ ከበረዶው ሥር ያለው ውሃ ግን ስለማይረጋ እምቡጡ አይሞትም። ልጃችሁ ጠዋት ተንበርክኮ በጣቱ በረዶውን ነካው፤ እንደ መስተዋት ስስ ነው። አጠገቡ ደግሞ ለእኛ አገር እንግዳ የሆነ ዛፍ አለ፤ ግንዱ የደረቀ ቅጠሉን ሳይጥል ለብሶት እንደ ብርድ ልብስ የሚሞቀው። ጭላዳ የለም፤ ቀይ ቀበሮ የለም፤ ዋልያ የለም። ሸለቆው ያለ እነሱ ዝም ይላል። ቦታቸውን የያዘው ሽኮኮ ነው። ሽኮኮ የዝሆን ዘመድ መሆኑን አስጎብኚው ሲነግረው ልጃችሁ ቀልድ መስሎት ነበር፤ እውነት ነው። ያ የዝሆን ዘመድ መጥቶ ከእናታችን የተላከውን ዳቦ ቆሎ ከድንጋዩ ላይ አንሥቶ በላ። በሶውን ግን አልወደደውም።

ማታ እሳት ዳር የተወራው ስለ አንድ ጣሊያናዊ ነው፤ ታሪኩ ከእኛም ጋር ስለሚገናኝ ይጻፍ። ፌሊቼ ቤኑዚ በወረራው ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ በቅኝ አስተዳደሩ የሚሠራ ሰው ነበር። በ1941 ጣሊያን ሲሸነፍ እንግሊዞች ማርከው ናንዩኪ ያለ ካምፕ ውስጥ ከተቱት። ከካምፑ ተራራው ይታያል። ቤኑዚ በጥር 1943 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አምልጦ ወጣ፤ ወደ አገሩ ሳይሆን ወደ ተራራው። ካርታ የላቸውም፤ የያዙት የተራራው ሥዕል የታተመበትን የሥጋ ቆርቆሮ ወረቀት ነው። የበረዶ መርገጫ ብረቱን ከሽቦ አጥርና ከመኪና ቁርጥራጭ ነው የሠሩት። አንዱ ታሞ ከታች ቀረ፤ ሁለቱ ሌናና የሚባለው ጫፍ ላይ ወጥተው ባንዲራቸውን ተከሉና፣ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ተመልሰው በካምፑ አጥር ሾልከው ገብተው እጃቸውን ሰጡ። 28 ቀን ለብቻ መታሰር ተፈረደባቸው፤ አዛዡ ስፖርተኝነታቸውን አድንቆ ወደ 7 ቀን ዝቅ አደረገው። ልጃችሁ ለእኛ አገር ቅኝ ገዥ ማዘን አይቀናውም። ግን ያንን ሌሊት፣ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ እነዚያ ሰዎች በምን ልብስ እንደወጡ ሲያስብ አደረ።

በዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ተነሡ። ሌናና 4,985 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሸን በ435 ሜትር ይበልጣል። የተራራው ትልቁ ጫፍ ባቲያን 5,199 ሜትር ሆኖ ገመድ ለሚያውቅ ብቻ ነው። የደጋ ልጅ መሆን 4,200 ሜትር ድረስ ጠቀመ፤ ከዚያ በኋላ ራስ ምታቱ አማራና ኪኩዩ አልለየም። ጎህ ሲቀድ ደረሱ። ደመናው ከእግራቸው በታች ነው። በረዶው ከአንድ ጎን ብቻ፣ እንደተቀደደ ነጠላ፣ ተንጠልጥሏል፤ አስጎብኚው በልጅነቱ ከዚህ ይበልጥ እንደነበር በእጁ አሳየው። ፎቶው ከዚህ ጋር ተልኳል፤ አፍንጫው የቀላው ልጃችሁ ነው።

ሩንዳ ሲመለስ የሰርቪስ ቤቷ መስኮት በአንድ ጣት ያህል ተከፍታ ቆይታለች። ለአንድ ጣት ያህል ክፍተት ሳይክስ ጦጣ ምን እንደሚያደርግ ከላይ የተጻፈ ነው። የቀረው ዳቦ ቆሎ የለም። የቡናው ቆርቆሮ ተከፍቶ ፍሬው ወለሉ ላይ ተበትኗል። በሶው ግን እንደተቋጠረ አለ፤ የሽኮኮውና የጦጣው ፍርድ አንድ ነው። በሚቀጥለው ወር ከጎንደር ወደ ናይሮቢ የሚመጣ ሰው ከተገኘ ዳቦ ቆሎውን ጨምራችሁ፣ በክዳን በሚገጥም ጣሳ አድርጋችሁ ላኩ። በሶውን ልጃችሁ ራሱ ይጨርሰዋል።

ለአጎታችን፣ ጠመንጃ የሌለው ስካውት ሰላምታ ልኮለታል በሉት።