ጭኔን የሚያቃጥለው ላፕቶፕ

እናላችሁ፣ ባለፈው ክረምት ነው። የመጀመሪያዬን ትልቅ ጽሑፍ በማግስቱ ጠዋት ማስረከብ አለብኝ፤ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። የአንዲት የሰማንያ ዓመት እናት ቃለ ምልልስ ገና ግማሹ አልተጻፈም። ከታላቅ ወንድሜ የወረስኩት ላፕቶፕ ደግሞ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ትራስ ካላነጠፍኩ ጭኔን ያቃጥለኛል፣ ባትሪው አንድ ሰዓት አይሞላም።

ደወልኩለት። ኤሌክትሪክ ነው የተማረው።

«ፍጥነቱን ቀንሺው» አለኝ። ተናደድኩ። እኔ እየቸኮልኩ ኮምፒውተሩን አዘግዪው ይለኛል እንዴ!

«ድምፅ ለመስማትና ለመጻፍ ያ ሁሉ ሩጫ ምን ያደርግልሻል?» ለካ ለጌም ብሎ ሁሌም በሙሉ ፍጥነት እንዲሮጥ አድርጎት ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮሰሰር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች በሰከንድ ቢሊዮን ጊዜ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። በእያንዳንዷ ብልጭታ ትንሽ ኮረንቲ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ፍጥነቱን በግማሽ ብትቀንሱት ይህ ፍጆታ በግማሽ ይቀንሳል። ይሄ ይገመታል። ያልገመትኩት ቮልቴጁን ነው፤ እሱ በግማሽ ሲቀንስ ፍጆታው ወደ ሩብ ይወርዳል! የማይጣደፍ ፕሮሰሰር ደግሞ ዝቅ ባለ ቮልቴጅ መሥራት ስለሚችል ሁለቱ ተያይዘው ይወርዳሉ። (አራት ዓመት ጋዜጠኝነት ስማር ከሒሳብ እየሸሸሁ እንደነበር አልደብቅም።)

ትልልቆቹም በዚህ ተፈትነዋል። ኢንቴል ፔንቲየም 4ን እየገፋ 3.8 ጊጋኸርዝ አደረሰው። ጥፍር በምታክል ሲሊከን ላይ ከ100 ዋት በላይ! ባለ 4 ጊጋኸርዙን አወጣለሁ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2004 ሰረዘው። ከዚያ በኋላ አንዱን ከማስሮጥ ረጋ ያሉ ሁለት ኮሮችን ጎን ለጎን ማሠራት መጣ። ሥራ የሌለውን የሰርኪዩት ክፍል ማስተኛትም አለ፤ እናቶቻችን ሰው የሌለበትን ክፍል መብራት እንደሚያጠፉት።

ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ የፕሮሰሰሩን ጣሪያ ወደ 60 በመቶ አወረድኩት፤ የስክሪኑንም ብርሃን ቀነስኩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ማራገቢያው ዝም አለ።

ቅጂውን ወደኋላ መለስኩት። እናትየው በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ የሚጠሩት ስም አለ፤ ሦስት ጊዜ ሰምቼው «አይሰማም» ብዬ አልፌው ነበር። የልጃቸው ስም ነው። ባትሪው ሳያልቅ ጻፍኩት።