የሚከፈት ጠመንጃ

በአገራችን ጠመንጃ ስም አለው። ስናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ቤልጂግ እያሉ አባቶቻችን ሲጠሩት የዘመድ ስም የሚጠሩ ያህል ነበር። ውጅግራ የተባለው ከፈረንሳዩ የግራ ጠመንጃ፣ ስናድርም ከፈልሳፊው ስም የመጣ መሆኑን ብዙ ሰው ባያስተውለውም፣ ስሙ የባለቤቱን ክብር ይናገር እንደ ነበረ የማያውቅ የለም። ሽማግሌዎች ስለ ጠመንጃ ሲያወሩ፣ ከየት መጣ? ማን ያዘው? ምን ጣለ? ይላሉ እንጂ፣ ለዚህ ሰው ትከሻ ይስማማዋልን? ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው በልጅነቴ አልሰማሁም። ጠመንጃ ለመግደልና ለመከበር በሚያዝበት አገር ይህ አያስደንቅም። ዛሬ የምጽፈው ግን ምንም ስለማይገድል ጠመንጃ ነው፤ ለእንዲህ ያለው የአባቶቻችን አመራረጥ እንደማይበጅ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኅቴ ልጅ በካናዳ አገር፣ በኤድመንተን ከተማ ይኖራል። ባለፈው ዓመት የሥራ ባልደረቦቹ ከከተማ ወጣ ወዳለ የተኩስ ሜዳ ወስደው፣ በአየር ላይ የሚወረወር የሸክላ ዒላማ በብትን ጥይት መስበር የሚባለውን ጨዋታ አሳዩት። ወደደው። አሁን የራሱን ጠመንጃ ሊገዛ አስቦ የሦስት ጠመንጃዎች ፎቶግራፍ ላከልኝና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ከአዳኝ ቤት ስላደጉ ይምረጡልኝ» ብሎ ጻፈ።

እኔ በሮቤ ብዙ ዘመን ሒሳብ ያስተማርሁ ሰው ነኝ እንጂ አዳኝ አይደለሁም። አባቴ ግን የአዳኞች መንገድ መሪ ነበረ። ያን ጊዜ የደጋ አጋዘን ፍለጋ ከሩቅ አገር የሚመጡ እንግዶች ጎባ ደርሰው፣ አጋሰስ አስጭነው በኮሶና በጥድ ደን ውስጥ ብዙ ቀን ይሰነብቱ ነበር። አጋዘኑ ራሱ ለአውሮጳ የሳይንስ መጻሕፍት የታወቀው በጠመንጃ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1908 ሜጀር አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ገድሎ ወሰደ፤ በ1910 ሪቻርድ ላይደከር ስም አወጣለት። ዛሬ ዲንሾ አጠገብ ሰው ሳይሸሽ ሲግጥ የሚታየው አጋዘን፣ በ2023 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይጠበቃል። የአባቴ እንግዶች ለአጋዘኑ ከያዟቸው ጠመንጃዎች ሌላ፣ ለራታቸው ቆቅ የሚመቱባት አንዲት ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ ነበረቻቸው። እርሷን መሸከም የእኔ የልጁ ሥራ ነበረ። ወገቧ ላይ ባለው ማጠፊያ ተሰብራ ትከፈታለች፤ አባቴም ተከፍታ ካላየ በቀር ከእጄ አይቀበላትም ነበር።

ልጁ ለእኔ የጻፈውን ለእናቱም በስልክ ነግሯት ኖሮ፣ በማግሥቱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ጎባ ቤቷ ብደርስ፣ ቡና እንኳ ሳታፈላ፣ «ወንድሜ፣ አንተም ታማክረዋለህ?» አለችኝ። የምትለው ነበራት። ባሏ የሞተው ጎረቤቱ ጠመንጃ ሲወለውል አጠገቡ ተቀምጦ ሳለ ነው። «ባዶ ነው» ተብሎ ነበር። እኅቴ እነዚህን ሁለት ቃላት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትደግማቸው ሰምቻለሁ። እንግዲህ ለልጁ የምሰጠው ምክር ለእናቱም የሚበቃ መሆን ነበረበት፤ እኔ ዝም ብል ልጁ ብቻውን ይገዛል እንጂ አይተውምና።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ቀድሞ በእንግሊዝ አገር ከሣጥን የሚለቀቁ እውነተኛ እርግቦችን መምታት የባለጸጎች ጨዋታ ነበር። በ1900 ፓሪስ ላይ በተደረገው የኦሎምፒክ ጨዋታ ሳይቀር ሕይወት ያላቸው እርግቦች ተተኩሰዋል። በእርግቡ ቦታ የብርጭቆ ኳስ ተሞከረ፤ በ1880 ደግሞ ጆርጅ ሊጎውስኪ የተባለ የሲንሲናቲ ሰው እንደ ትንሽ ሳሕን ያለ ጠፍጣፋ ሸክላ አበጀ። ስሙ ሸክላ ሆኖ ቀረ እንጂ የዛሬው ዒላማ የሚሠራው ከሬንጅና ከኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው፤ ወርዱ 110 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 105 ግራም ያህል ይሆናል። አንድ መኪና ይወረውረዋል፤ ተኳሹም ከ200 በላይ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬዎች በያዘ ጥይት ይተኩስበታል።

እኛ ደገኞች የዚህን ጨዋታ ምሥጢር ጨርሶ አናውቀውም ለማለት አይቻልም። ጉግስ የሚጫወት ሰው ዘንጉን የሚወረውረው ፈረሰኛው አሁን ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ነው። በሒሳብ ብናየው፣ ዒላማው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢበር በሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። የእርሳሱ ፍሬዎች 30 ሜትር ለመድረስ አንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ያህል ይፈጅባቸዋል። ዒላማው በፊታችን በአግድም የሚያልፍ ከሆነ በዚያች ቅጽበት ሁለት ሜትር ፈቀቅ ብሏል። ስለዚህ ተኳሹ ዒላማውን ተከትሎ፣ ቀድሞት፣ ምላጩንም ከሳበ በኋላ ጠመንጃውን ሳያቆም መቀጠል አለበት። የጠመንጃው ምርጫ እንግዲህ ከዚህ ይነሣል።

ለጀማሪ ቀላል ጠመንጃ ይሻለዋል የሚለው የተለመደ ምክር የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው። ቀላሉ ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎም ይቆማል። ደግሞም ጥይቱ ወደ ኋላ የሚገፋውን ኃይል ከባዱ ጠመንጃ ሲውጠው ቀላሉ ሁሉንም ለትከሻ ይተወዋል። ቆቅ ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ተራራ ለሚወጣ ሰው ከሦስት ኪሎ ግራም ያነሰ ጠመንጃ መልካም ነው፤ በአንድ ቦታ ቆሞ በቀን 100 ጥይት ለሚተኩስ ግን ሦስት ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን፣ ቧንቧውም 71 ወይም 76 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ይሻላል። የአፉን ስፋት በሚመለከት 12 ቁጥር የሚባለው፣ አንድ ፓውንድ እርሳስ ለ12 እኩል ድቡልቡል ጥይት ሲከፈል የአንዱ ውፍረት ነው፤ 18.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 20 ቁጥር ግን 15.6 ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ አፉ ይጠባል። ለአካለ ትንሽ ሰው 20 ቁጥር አይነቀፍም፤ ለሌላው 12 ቁጥርን እመርጣለሁ፤ ጥይቱም በየስፍራው ይገኛል። ይህን ስል ጨዋታው የጉልበተኞች ነው ማለቴ አይደለም። በ1992 ባርሴሎና ላይ ወንድና ሴት በአንድነት በተወዳደሩበት ስኪት በተባለው የሸክላ ተኩስ ወርቁን የወሰደችው ቻይናዊቷ ዣንግ ሻን ናት፤ ከመጨረሻው ዙር በፊት ከተወረወሩላት 200 ዒላማዎች አንዱንም አልሳተችም።

ከክብደቱም ከቁጥሩም የሚበልጠው ግን ልክ ነው። በብትን ጥይት የሚተኩስ ሰው እንደ ምንሽር ተኳሽ በመነጣጠሪያ አያነጣጥርም፤ የሚያየው ዒላማውን ነው፤ መነጣጠሪያው የራሱ ዓይን ነው። ጉንጩ ሰደፉ ላይ ሲያርፍ ዓይኑ በቧንቧው መካከል ቀጥ ብሎ ካልዋለ፣ ጠመንጃው የንጉሥም ቢሆን ጎን ይመታል። ባሌ ውስጥ ለፈረሱ ጀርባ ያልተለካ ኮርቻ የሚገዛ ሰው የለም፤ ጠመንጃውን ግን በስሙ ይገዛል። ስለዚህ ለልጁ እንዲህ ስል ጻፍሁለት፦ ሱቅ ገብተህ ባዶ መሆኑን በዓይንህ ካረጋገጥህ በኋላ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ጠመንጃውን ወደ ትከሻህ አንሣ፤ ከዚያ ግለጥ። ዓይንህ መካከሉ ላይ ከሆነ ያ ጠመንጃ ያንተ ነው፤ አንገትህን ማጣመም ካስፈለገህ የሌላ ሰው ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ።

ሌላም ፈተና ሰጠሁት። ሁለቱን ዓይኖች ገልጦ በጣቱ አንድ ሩቅ ምሰሶ እንዲያመለክት፣ ከዚያም አንዱን ዓይን እንዲጨፍን ነገርሁት። ግራውን ሲጨፍን ጣቱ ከምሰሶው ሸሸ። በቀኝ እጁ የሚጽፈው ልጅ የሚያይበት ዋና ዓይን ግራው ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ወይ የግራ መነጽሩን በቁራጭ ወረቀት ይጋርዳል፣ ወይ በግራ ትከሻው መተኮስ ይማራል፤ ልማድ ገና ላልያዘው ጀማሪ ሁለተኛው የሚሻል ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሦስቱ ፎቶግራፎች እንመለስ። አንደኛው የጣሊያን ሥራ፣ ብረቱ በአበባ ሐረግ የተቀረጸ፣ ቀላል ባለ 20 ቁጥር ነበር። ሠሪው የቤሬታ ቤት ነው፤ ይህ ቤት በ1526 ለቬኒስ የጠመንጃ ቧንቧ እንደ ሸጠ የሚመሰክር ሰነድ አለው። የልጁ ልብ በዚህ ላይ እንዳረፈ ከአጻጻፉ ገባኝ። ሁለተኛው በጥይቱ ጋዝ ኃይል ራሱን የሚያጎርስ ባለ አንድ አፍ ነው፤ ትከሻን አይመታም፤ ነገር ግን ባዶውን ቀለህ ወደ ቀኝ የሚተፋ በመሆኑ በግራ ትከሻ ለሚተኩስ ሰው በፊቱ በኩል ይወረውርበታል። ሦስተኛው ሰው የተገለገለበት፣ ጌጥ የሌለው፣ ሁለቱ አፎቹ ከላይና ከታች የተደራረቡ፣ የጉንጩም ማሳረፊያ ከፍና ዝቅ የሚል ባለ 12 ቁጥር ነበር። እንዲህ ያለውን አሠራር ያስፋፋው፣ በ1926 ቤልጂግ አገር ሊዬዥ ላይ የሞተው ጆን ብራውኒንግ በመጨረሻ ዘመኑ ያቀደው ጠመንጃ ነው። እኔ ሦስተኛውን መረጥሁ።

እኅቴ ጋ በሁለተኛው ቅዳሜ የያዝሁት የዚህን ጠመንጃ ፎቶግራፍ ነበር፤ ወገቡ ላይ ተከፍቶ፣ ሁለቱ ባዶ ቀዳዳዎች ብርሃን እያሳለፉ። በሜዳው ሕግ ተኳሹ ቦታው ላይ እስኪቆም ድረስ ጠመንጃውን እንዲህ ከፍቶ እንደሚይዘው፣ ተኩሶም ሲጨርስ ከፍቶት እንደሚመለስ ነገርኋት። ረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«ከሩቅ የቆመ ሰው ያየዋል?» አለች።

«ያየዋል።»

«ሳይጠይቅ?»

«ሳይጠይቅ።»

ከዚያ በኋላ ቡናው ተፈላ። ስለ አበባው ሐረግ፣ ስለ ቬኒስ፣ ስለ ብራውኒንግ የነገርኋት ሁሉ ከጆሮዋ አልገባም ነበር፤ አልፈርድባትም።

የቀረው አጭር ነው። የካናዳ ሕግ ትምህርት ተምሮ ፈቃድ ያላወጣን ሰው አያስታጥቅም፤ ጠመንጃውም ቤት ውስጥ ጥይት ሳይጎርስ ተቆልፎ መቀመጥ አለበት። በእኛም አገር በእኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ጆሮውን ሳይሸፍን አንድ ጥይት እንኳ እንዳይተኩስ አስጠነቀቅሁት፤ አባቴን በሽምግልናው ለማናገር መጮኽ ያስፈልግ ነበር። ምናልባት አንድ ቀን በእኛ ደጋ እንዲህ ያለ ሜዳ ይከፈት የሚል ሰው ቢነሣ ደግሞ፣ ከውሃ ያርቀው እላለሁ። ውሃ ዳር የሚበተን የእርሳስ ፍሬ፣ ምግቧን ለመፍጨት ጠጠር የምትውጠውን ወፍ ይመርዛል፤ በሳነቴ ኩሬዎች ዳር የምትውለው ባለ ሰማያዊ ክንፏ ዝይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር ሌላ አገር የላትም።

ልጁ ሦስተኛውን ገዛ። ከወር በኋላ፣ በግራ ትከሻው መልመዱ እንዳስቸገረው፣ ከ25 ዒላማዎች ግን ዘጠኙን እንደ ሰበረ ጻፈልኝ። ደብዳቤውን ለእኅቴ አነበብሁላት።

«የቀሩት ዐሥራ ስድስቱስ?» ብላ ጠየቀችኝ።

አንዳንዶቹ ሳይሰበሩ ሣሩ ላይ እንደሚያርፉ ነገርኋት። ደስ አላት።