ገዢ ሲመጣ፤ ከእንጦጦ ሥር ያለ አንድ ግቢ

አንባቢ ሆይ፤ ከስድስት ኪሎ፣ ከየካቲት 12 ሐውልት ተነሥተው፣ ዩኒቨርሲቲውን አልፈው ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ሲጓዙ መንገዱ ቀስ በቀስ ትንፋሽዎን ይቆጥርብዎታል። ሽሮ ሜዳ የሸማኔና የጥልፍ አገር ነው፤ ነጠላውና ቀሚሱ በየሱቁ ደጃፍ ተሰቅሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ብዙ ሰው እዚያ ድረስ መጥቶ የበዓል ልብሱን ገዝቶ ይመለሳል። እኔ ዛሬ የምወስድዎ ግን ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ድንጋይ ወደ ተነጠፈበት አንድ ጠባብ ቅያስ ነው። በቅያሱ መጨረሻ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አለ። ከበሩ ውስጥ ያለውን ቤት አያቴ በ1940ዎቹ አሠሩት፤ እናቴና እኅቶቿ ተወለዱበት፤ አሁን ደግሞ አራት ወራሾች ሊካፈሉት ለገበያ አቅርበውታል። ትልቋ አክስቴ እስከ ዛሬ ይኖሩበታል። እኔ ከወራሾቹ የአንዷ ልጅ በመሆኔና ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ቶሎ ስለምወጣ፣ ቤቱን ለገዢ የማሳየት ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ።

እርስዎ ተማሪ ወይም አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ የቤት ሽያጭ ነገር ሩቅ መስሎ ይታይዎት ይሆናል። የሆነ ሆኖ አንድ ቀን ወይ ገዢ፣ ወይ ሻጭ፣ ወይም እንደ እኔ የሻጭ ልጅ ሆነው በእንዲህ ያለ በር ላይ መቆምዎ አይቀርምና ይከተሉኝ።

ከገዢ አፍ መጀመሪያ የሚወጣው ጥያቄ «መኪና ይገባል ወይ?» የሚል ነው። ቅያሱ አንዲት ትንሽ መኪና ጎኗን ሳትፋቅ ታሳልፋለች፤ ሲኖትራክ ግን አያሳልፍም። ይህን የሰማ ገዢ ፊቱን ያጠቁራል፤ በዚህም አሸዋና ብረት ስለ ማስገባት እያሰበ መሆኑ ይታወቃል። ሁለተኛው ጥያቄ «ስንት ካሬ ነው?»፣ ሦስተኛው «ካርታ አለው?» ነው። ስለ ቤቱ ስለ ራሱ የሚጠይቅ ሰው ከስንት አንድ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ስለዚህ አክስቴ በሕግ ፊት የሚሸጡት ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ በሩንና መስኮቱን ነው። ገዢው ግን ግድግዳውን ቀና ብሎ አያየውም፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ከአጥር እስከ አጥር በእርምጃው ይለካል፤ ጥግ ላይ ቆሞ ጣቱን ወደ ሰማይ እያነሣ ፎቅ ይቈጥራል። ሕጉ ሸቀጥ አይደለም ያለውን አፈር ሁሉም ይመዝነዋል፤ ሸቀጥ የሆነውን ቤት ማንም አይመለከተውም። አንዱ ገዢማ ወደ ቤት ግቡ ብንለው «ግድ የለም፣ የሚፈርስ ነው» አለ። ሰውዬው በክፋት አልተናገረም። አክስቴ ግን በሩን ለእሱ ከፍተው ቆመው ነበር።

እስቲ እኛ እንግባ። ቤቱ የጭቃ ነው። ይህን ቃል ሲሰሙ አይናቁት። ቋሚውም ማገሩም ባሕር ዛፍ ነው፤ ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ቦክቶ፣ በእጅ የተመረገ ነው። እኔ ታሪክ አስተማሪ ስለ ሆንሁ ይህን ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም፦ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተመነጠረ አለቀና፣ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዪቱን ካስቀሯት ነገሮች አንዱ በዚያው ዘመን ከውጭ የመጣው፣ አገሩ አውስትራልያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ቢቈርጡትም እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ከዚህ ግቢ ቀና ብለው ወደ እንጦጦ ቢመለከቱ የግድግዳውን ዘመዶች በተራራው ላይ ያዩአቸዋል።

ሳሎኑ ወለሉ ጣውላ ነው፤ ሲረግጡት ያቃስታል። ኮርኒሱ አቡጀዲ ተወጥሮ ኖራ የተቀባ ነው፤ በአንድ ጥግ ላይ ዝናብ የሣለው ቡናማ ካርታ አለ። አክስቴ ከዚያ ካርታ ሥር አልጋ አኑረው አያውቁም። ከሳሎኑ ቀጥሎ ጓዳ፣ ከጓዳው በስተጀርባ ማድቤት፣ ከማድቤቱ አጠገብ ውሃ የሚጠራቀምበት ሮቶ አለ፤ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶውን ሞልቶ ማሳየት የደላላው ምክር ነው። ጌሾዋና ጤና አዳሟ በአጥሩ ሥር ናቸው።

አሁን ወደ ግቢው ጀርባ እንዙር፤ ገዢዎች ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉበት ስፍራ ይህ ነው። ሁለት ክፍል ያላት ሰርቪስ አለች። አያቴ ያከራዩአት ስለ ነበር በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ተብላ ተወረሰች። በዚያን ጊዜ ከወር ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተላልፈው ስለ ነበር፣ ይህችም የቀበሌ ቤት ሆነች። በር አንድ፣ ግቢ አንድ፣ ባለቤቱ ግን ሁለት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ግቢ በአዲስ አበባ ብዙ ነው። በውስጧ የሚኖሩት እማማ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ያሉ፣ ከአክስቴ ጋር አንድ ዕድር የሚከፍሉ፣ ቡና ተራ በተራ የሚያፈሉ ሰው ናቸው። ገዢው «ይህስ የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ከእኔ እኩል እሳቸውም በመስኮታቸው ይሰማሉ። ደላላው ደግሞ «እሱ ችግር የለውም፣ ይነሣል» ይላል። ማን እንደሚያነሣቸው፣ ወዴት እንደሚሄዱ ግን አይናገርም። እኔ በበኩሌ ይህን አነጋገር ስላልወደድሁት፣ ቤቷ የመንግሥት መሆኗን፣ በሽያጩም ውስጥ እንደማትገባ ገና ከበሩ ላይ ለገዢ አስታውቃለሁ። ደላላው «ገበያ ትገድላለህ» ብሎ ተቈጥቶኛል። ይቈጣ። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ከሚያውቀው ሳይከፍል ቢያውቀው ይሻላል።

ከደላላውና ከአክስቴ መካከል ሌላም ክርክር ነበር። እሱ ግድግዳው ጂፕሰም ተለስኖ ቀለም እንዲቀባ፣ ኮርኒሱም በአዲስ እንዲሸፈን ፈለገ። «እማማ፣ ገዢ በዓይኑ ነው የሚገዛ» አላቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ ሐምሌ ሲገባ ቀለሙ ይወርድና ይረግሙኛል» ብለው እንቢ አሉ። ቡናውን በሚመለከት ደግሞ ነገሩ ተገለባብጦ ነበር፤ እሳቸው ለመጣው ሁሉ ቡና ካላፈላሁ ሲሉ፣ እሱ «ቡና የጠጣ ሰው ይሉኝታ ይይዘውና ዋጋ ሳይናገር ይሄዳል» ይላል። በዚህ አክስቴ ረቱ። እኔም እንዳየሁት ተቀምጦ ቡና የጠጣ ገዢ፣ ባይገዛ እንኳ፣ ስለ ቤቱ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ሳይጠይቅ አልወጣም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የመጣ ወጣት ገዢው አሜሪካን አገር ያለ ወንድሙ መሆኑን ነግሮን ስልኩን አወጣ። ግቢውን ሁሉ በስልኩ እያዞረ አሳየው። ከስልኩ ውስጥ ያለው ድምፅ «ወደ ግራ፣ ወደ ላይ፣ አጥሩን አሳየኝ» ይላል። አክስቴም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ለስልኩ ጎንበስ ብለው «ደኅና ነህ ወይ ልጄ? ብርዱስ?» አሉት። ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ስለ አጥሩ ትቶ የጠየቀው ስለ ሠፈሩ ነበር፤ በልጅነቱ በዚህ መንገድ እንጦጦ ማርያም ይሄድ ኖሯል።

ስለ ወረቀቱ ነገር ብዙ አላደክምዎም። ካርታውን በዓይን ማየት ብቻ እንደማይበቃ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማጣራት እንደሚያስፈልግ ይወቁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነና ቤቱም የጋራ ከሆነ፣ በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 እንደተጻፈው የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት። በቡና መካከል የተመታ እጅ ቤት አያሻግርም።

ከመጡት ሁሉ ቤቱን ቤት ብላ ያየችው አንዲት ነርስ ናት። በነሐሴ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሆን ብላ መጣች። ጫማዋን በር ላይ አራገፈች፤ ግድግዳውን በጣቷ አንኳኳች፤ የዝናቡን ካርታ ከሥሩ ቆማ አየችና «ከዚህ በላይ ሰፍቶ ያውቃል?» አለች። ቀጥላም አክስቴን «እማማ፣ የጠዋት ፀሐይ በየት በኩል ነው የሚገባ?» ብላ ጠየቀቻቸው። አክስቴ እጇን ይዘው ወደ ጓዳው መስኮት ወሰዷት፤ እዚያ ቆመው ምን እንደተነጋገሩ አልሰማሁም፤ ረጅም ጊዜ ግን ቆዩ። የነርሷ ገንዘብ ሌሎቹ ከጠሩት ዋጋ በብዙ ያነሰ ነበር። ከአራቱ ወራሾች ሁለቱ ለእሷ ቢሰጥ አይጠሉም፤ ሁለቱ ልጆች የሚያስተምሩ ናቸውና ድርሻቸው እንዲጐድል አይሹም፤ በዚህ አልፈርድባቸውም። አክስቴ ድምፅ ስጡ ሲባሉ «እኔ የትም አድራለሁ» ብቻ አሉ። የታሰበላቸው በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ነው፤ ጕልበታቸው ግን የሳሎኑን ሁለት ደረጃ እንኳ ቆም ሳይል አይወጣም።

የፊታችን ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሌላ ገዢ ይመጣል። ሜትርና መሐንዲስ ይዞ እንደሚመጣ ደላላው አስታውቆናል፤ አክስቴም ለስንት ሰው ቡና ይቈላ እንደ ሆነ ጠይቀውኛል።